አሜን ብላችሁ ሼር አድርጉላት

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተሰልፋ ሳለች ከኋላዋ ልጇ ጮኸች። «እማዬ ነይ! እማዬ፣ ነይ በቃ!» አንገቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ዞረ። ልጅቷን ቤት ተኝታ ትታት እንደ ወጣች ትዝ ያላት ከዞረች በኋላ ነው። ከኋላዋ የቆመችው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ነበረች፤ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቅናለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ይቅርታ፣ ድምፁን ልቀንሰው» አለች ወጣቷ። «ይቺን ልጅ አይተሻታል? እኔ እሷን ካየሁ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ካንሰር ነው አሉ። በዚህ ዕድሜዋ!» ይህን ብላ ስልኩን አዞረችላት።

መጀመሪያ የሰማችው የፒያኖ ሙዚቃውን ነው። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች የሚንጠባጠቡ ቀያይ ልቦች፣ ከነሱም ሥር በቢጫ ፊደል «አሜን ብላችሁ ሼር አድርጉላት» የሚል ጽሑፍ። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ የገዛ ልጇ ድንቡሼ ነበረች። ድንቡሼ የተባለችው ገና ጡት ሳትተው ጉንጯ አንገቷን ውጦት በነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን የቀራት ስሙ ብቻ ነው። ጉልበቷን አገጯ ድረስ ሰብስባ በጎኗ ተኝታለች፤ ጓንት ያጠለቁ እጆች አንገቷንና እግሯን ጠፍረው ይዘዋታል፤ ጀርባዋ ራቁቱን ነው። መድኃኒቱን አከርካሪዋ ውስጥ የሚሰጡበት ክፍል እንደሆነ እናትየው ከግድግዳው ቀለም አወቀችው። ከስልኩ በስተጀርባ ደግሞ እንደ ቤቷ በር ድምፅ የምታውቀው አንድ ድምፅ ተሰማ። «አይዞሽ ድንቡሼ፣ ወደዚህ እዪ። ወደኔ እዪ፣ ጎበዝ።»

የባሏ ታናሽ ወንድም ድምፅ ነው። በወጣትነቱ ሰርግ ቤት ሙዚቃ ያጫውት ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ዲጄ ይለዋል፤ አሁን ሞባይል ጠጋኝ ነው። «ወደኔ እዪ» ሲላት ልጅቱ አየች። አጎቷ ሊያድናት መስሏት፣ በእንባ በታጠበው ዓይኗ ቀጥ ብላ ካሜራው ውስጥ አየች። እናትየው ከዚያ በላይ ማየት አልቻለችም። ስልኩን መለሰች።

«አያሳዝንም?» አለች ወጣቷ።

«ያሳዝናል» አለች። የኔ ናት ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ቢሆንም ይቺ ሴት አቅፋት እንደምታለቅስባት፣ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እንደሚያያት ታያት። ከሰልፉ ወጥታ ያለ ዳቦ ተመለሰች።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ድንቡሼ ከታመመች ወዲህ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገብቷል፤ አቧራ ይይዛል ተብሎ። መጋረጃው ከመታጠብ ብዛት አበባው ጠፍቷል። በሩ አጠገብ የእጅ አልኮል ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት የሚቀርብለት እሱ ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰማያዊ የደንብ ልብሱን ለብሶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል።

«ዳቦስ?» አላት።

«ዲጄ የለጠፈውን ቪዲዮ አይተኸዋል?»

የታሰረውን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። መልሱን ያገኘችው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ትርፍ ነበር።

«ልነግርሽ አስቤ ነበር» አለ ወደ ጫማው እንዳቀረቀረ።

«እስከ መጨረሻው አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና?»

«እና ምን ላድርግ? አንዴ ወጥቷል። ደግሞ ስንቱ ሰው ነው የሚጸልይላት! መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አይዞህ እያለኝ ነው። ሰላም የማይለኝ የስምሪት አለቃው እንኳ ትናንት ትከሻዬን ያዘኝ።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የሆነ ሙቀት ሰማች። ልጇ የጮኸችው ጩኸት ለእሱ አይዞህ ሆኖ ደርሶታል። ከውስጠኛው ክፍል አማቷ ሳል ቀድሟቸው መጡ። «ልጄ፣ ክፉ አስቦ አይደለም። ስለሚወዳት ነው። በማለዳ ቤት አትበጥብጡ፣ ልጅቷ ትሰማለች» አሏት። እሳቸውም አይተዋል ማለት ነው። ስልክ መክፈት የማይችሉት አማቷ ካዩት፣ ወይ ባሏ ወይ ዲጄ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አሳይቷቸዋል። ሦስቱ ተሰብስበው ሲያዩ፣ እሷ ምናልባት ጓዳ ልብስ እያጠበች ነበር። ይህን እያሰበች ቆመች። ባሏ ቁልፉን አንሥቶ፣ «ከሺፍት ስወጣ ሆስፒታል እመጣለሁ» ብሏት ወጣ። አማቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ጣዱ።

እሷ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። ባለፈው የመርፌ ቀን አስቸኳይ ሥራ መጥቶ፣ አለቃዋ «ዛሬ የቀረ ነገ አይምጣ» ብሎ ነበር። ባሏም መስመር ላይ ነበር። ዲጄ ነው «እኔ ምን ሠርቼ! እኔ እወስዳታለሁ» ያለው። ማታ ስትመለስ ድንቡሼ አልጋዋ ላይ ሆና «ጀግና ነበርኩ፣ አላለቀስኩም» አለቻት፤ ዲጄም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ምስክር ነኝ» አለ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያለች ለሥራ ጓደኞቿ ስታወራለት ሰነበተች። ድንቡሼ ግን አንድ ቃል አስገብታታለች፤ በሚቀጥለው መርፌ ራስጌዋ ሆና እጇን ልትይዛት። የሚቀጥለው መርፌ ዛሬ ነው።

የሕፃናት ካንሰር ክፍሉ ኮሪደር ላይ ዳክዬዎችና ጥንቸሎች ተሥለዋል፤ ልጆች ወረፋ ሲጠብቁ በጥፍራቸው እየፋቁት የጥንቸሎቹ ጆሮ አልቋል። ከሥዕሉ ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ እናቶች ይቀመጣሉ። ሌላ ጊዜ ወሬው ሞቅ ያለ ነው፤ ማስክ የትኛው ፋርማሲ እንደሚረክስ፣ የትኛው ልጅ ምን መብላት እንደጀመረ፣ የትኛው ባል ምን እንዳለ። የመንቶቹ እናት የሚሏት አንዲት ተጫዋች ሴት አለች፤ ከመንታ ልጆቿ የታመመው አንዱ ነው፤ «ባንዱ በሽታ ሌላኛው ቀንቶ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል» እያለች የምታስቃቸው እሷ ናት። ዛሬ ግን ድንቡሼን ይዛ ስትደርስ አግዳሚው ጸጥ አለ። የመንቶቹ እናት ቦርሳዋን ከጎኗ አላነሣችላትም።

ሲስተሯ ከመድኃኒት ክፍሉ ወጣች። ልጆቹን ሁሉ «አለቃዬ» እያለች የምትጠራ፣ ስትራመድ ኮሪደሩን የምትሞላ ሴት ናት። ፊቷ ዝግ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ መርፌ ክፍል ቤተሰብ አይገባም» አለች።

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። የሐኪሙ ፊት፣ የኔ ፊት፣ ሁሉም ወጥቷል። ልጅ ሲያሠቃዩ ተብለን ስንሰደብ ነው የሰነበትነው። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ማንም አይገባም። የማንም እናት።»

የማንም እናት ስትል አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እሷን አዩዋት። ዳቦ ቤት ስታዝንላት የነበረችው ወጣት ትዝ አለቻት። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ የሲስተሯ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «ይኸው። ቦርሳዬንም ውሰጂው። ፈትሺኝ ከፈለግሽ፣ እዚሁ ሰው ፊት ፈትሺኝ። ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፣ መኖሩን እንኳ ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው። እገባለሁ ብያታለሁ።»

ሲስተሯ ስልኩን መለሰችላት። ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እኔ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፣ እህቴ። ባስገባሽ ከሥራ ነው የምወጣው። እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ» አለቻት። ሐቋን ነው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ የምትጮህበት ሰው ፈልጋ መጥታ ያገኘችው እንደሷው የተበደለች ሴት ነው።

«እማዬ፣ እገባለሁ ብለሽኛል» አለች ድንቡሼ።

«ብዬሻለሁ።»

ሲስተሯ ልጅቱን ታቅፋ ገባች። በሩ እስኪዘጋ ድንቡሼ በሲስተሯ ትከሻ ላይ ታያት ነበር። እናትየው በሩ ሥር ተንበርክካ አፏን ክፍተቱ ላይ ለጠፈች። «እዚህ ነኝ! በሩ ላይ ነኝ! ትሰሚኛለሽ?» መልስ የለም። የምትለው ሲጠፋት የመጣላትን ታወራ ጀመር፤ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ጫፉ እንዲሾል በምን እንደሚወጉት፣ ጠርዙን ጠማማ የሰፋች አንዲት ልጅ እንዴት አልቅሳ እንዳሳቀቻቸው፣ ለእሷ ባለ ሁለት ኪስ ሸሚዝ እንደምትሰፋላት፣ ኪሱ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ። ጥበቃው መጥቶ «እመቤት፣ ድምፅ ቀንሺ» አላት። ቀና ብላ አየችው፤ ምንም ሳይጨምር ተመለሰ። ከውስጥ ለቅሶ አይሰማም። ዝምታው ከለቅሶው ይልቅ አስፈራት። ቆይቶ፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ፣ «እማዬ፣ አለሽ?» አለ።

«አለሁ! የት እሄዳለሁ? አለሁ!»

ከመርፌው በኋላ ያለ ትራስ በጀርባ መተኛት ግድ ነው። ድንቡሼ ጣሪያውን እያየች፣ እናቷ ወንበሩን አስጠግታ እግሯን እያሸችላት ቆዩ። «ዛሬ የእውነት አላለቀስኩም» አለች ልጅቱ በድንገት። «ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ። አላለቀስኩም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

«ለምን ዋሸሽኝ፣ እናቴ?»

«ዲጄ ነዋ! እናትሽ እንዳታዝን አትንገሪያት፣ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው አለኝ። ከረሜላም ገዛልኝ።»

የእናትየው እጅ የልጅቱ እግር ላይ ቆመ። ለእናቷ እንዳትናገር አፏን በከረሜላ የዘጋት ሰው፣ ያንኑ ለቅሶ ሙዚቃ አልብሶ ለዓለም በትኖታል። እናቷ ብቻ እንዳታውቅ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ሲንተከተክ የነበረው ነገር ሰከነ፤ አልጠፋም፣ እንደ ብረት ቀዝቅዞ ጠነከረ። ባሏ ከሺፍት ወጥቶ ሲመጣ «አጠገቧ ቁጭ በል» አለችውና ወጣች። የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም።

የዲጄ ሱቅ ከሆስፒታሉ ብዙ አይርቅም። ከቁም ሣጥን የማይሰፋ ክፍል ነው፤ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች በየትሪው ተደርድረዋል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ዲጄ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ የአንድ ደንበኛ ስልክ ላይ አጎንብሷል። ሲያያት ፊቱ በራ። «የድንቡሼ እናት! ነይ ግቢ። ሰው ልጃችንን እንዴት እንደወደዳት አየሽ?»

«አጥፋው።»

«ኧረ ተይ፣ ጸሎት እኮ ነው የጠየቅኩት። እንኳን እዚህ ያለው፣ ባሕር ማዶ ያለው ሁሉ አሜን እያለላት ነው። እኔ ለሷ ብዬ...»

«ለሷ ብለህ ከሆነ ወደኔ እዪ ለምን አልካት?»

ዲጄ የያዘውን መፍቻ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«እኔን ስትጣራ ነበር» አለች። አልጮኸችም፤ ደንበኛው ግን ከባንኮኒው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ በሌለሁበት ያለኸው አንተ ነበርክ። እጇን የሚይዛት ሰው ነው የፈለገችው። ሁለት እጅ ነበረህ። በአንዱ ስልኩን ያዝክ፣ በሌላው እንዳይንቀጠቀጥ ደገፍከው። ከዚያ ከረሜላ ገዝተህ ለእናትሽ አትንገሪ አልካት።»

ዲጄ ግንባሩ ላይ ያለውን መብራት አጠፋ። ስልኩን አውጥቶ አውራ ጣቱን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረገና «ይኸው፣ ጠፋ» አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ግን... ሌሎች ገጾች ወስደውታል። እሱን እኔም አልችልበትም» አለ።

«ሱቁን ዝጋ።»

«ኧ?»

«ዝጋና ተነሣ። ባንተ ምክንያት በር የተዘጋባቸው እናቶች አሉ።»

ስትጮህ፣ ስታለቅስ፣ ስትቆጣ አይቷት ያውቃል። እንዲህ ሆና ግን አይቷት አያውቅም። ደንበኛውን «ትንሽ ቆይተህ ተመለስ» ብሎ መዝጊያውን ጎተተ። መንገዱን ሁሉ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ።

ሲስተሯ ጠረጴዛ ፊት ሲደርሱ ዲጄ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሷ አላወቀችም» አለ። ሲስተሯ ከላይ እስከ ታች አየችውና በአገጯ ወደ አግዳሚው ጠቆመች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለነሱ ንገራቸው።» ዞሮ ነገራቸው። ይቅርታ አድርጉልኝ አለ፣ ለክፋት አይደለም አለ። የመንቶቹ እናት እጇን አጣምራ ሰማችውና፣ «የኔ ልጅ ዛሬ ብቻውን ነው የገባው። በሩን በእግሩ ሲደበድብ ነበር። ይቅርታህን የት ላድርሰው?» አለችው። ዲጄ የጥንቸሎቹን ጆሮ እያየ ቆመ። ያን ያህል ሰው ተከትሎት፣ እዚያ ኮሪደር ላይ ግን አንድም ወገን አልነበረውም።

ሲስተሯ ይዛው ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ሲወጡ የእሱ ጆሮ ቀልቷል። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንድ ወላጅ ይገባል፤ ስልክ እኔ ጋ ተቀምጦ» አለች ሲስተሯ፣ ለማንም ሳትስቅ። ማንም ደስ አለኝ አላለም። የመንቶቹ እናት ብቻ ቦርሳዋን ከጎኗ አንሥታ «ቁጭ በይ» አለቻት። እናትየው አልተቀመጠችም። ድሮውንም የሷ የነበረ ነገር ለምና ነው የተመለሰላት፤ ያም ለሚቀጥለው ሳምንት። የዛሬውን ማን ይመልስላታል? ዲጄ ድንቡሼን ሰላም ሊል ወደ አልጋው ሲያመራ በክንዷ አገደችው። «ዛሬ አይሆንም።» ድንቡሼ ግን ከአልጋዋ አይታው ኖሮ እጇን እያወዛወዘች ሳቀችለት። እሱም እጁን ግማሽ ድረስ አንሥቶ፣ ሳያወዛውዘው አወረደውና ሄደ። ባሏ ይህን ሁሉ ተቀምጦ አየ። ወንድሙንም ሚስቱንም አልተናገረም።

አመሻሹ ላይ ሦስቱ ፌርማታ ቆመው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ በፌስታል አትክልት የያዘች ሴትዮ ድንቡሼን ትክ ብላ አየቻት። ጠጋ አለች። «አንቺ ያቺ ልጅ አይደለሽም? እሷው ናት! የኔ ማር፣ ለአንቺ እኮ አሜን ብያለሁ!» ፌስታሏን መሬት አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። «አንድ ፎቶ ብቻ፣ ለልጆቼ ላሳያቸው።»

እናትየው መዳፏን ካሜራው ላይ አሳረፈች። «ዞር በይልን።»

«ምን አልኩ? የጸለይኩላት እኮ ነኝ!» ሴትዮዋ ተቀይማ ፌስታሏን አንሥታ፣ እያጉረመረመች ወደ ፌርማታው ሌላ ጫፍ ሄደች።

«የቷ ልጅ ነሽ ነው ያለችኝ?» አለች ድንቡሼ።

«ተሳስታ ነው» አለ አባትየው ፈጠን ብሎ። «ከሌላ ልጅ ጋር ተመሳስለሽባት ነው።»

እናትየው ባሏን አየችው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከእሱ የሰማችው የመጀመሪያው ፈጣን መልስ ይህ ነበር። ጎንበስ ብላ የልጅቷን ፊት ትይዩ ሆነች። «አልተሳሳተችም። ያን ቀን መርፌ ስትወጊ ዲጄ በስልኩ ቀርፆሽ ነበር። ከዚያ ለሰው አሳየው። ማድረግ አልነበረበትም፤ ዛሬ ነግሬዋለሁ፤ አጥፍቶታል። ግን ብዙ ሰው አይቶታል።»

ድንቡሼ አሰበች። «ስጮህ?»

«አዎ።»

«አንቺም አየሽው?»

«ትንሽ አየሁ። መጨረሱን አልቻልኩም።»

ልጅቱ ወደ አባቷ ቀና አለች። እጇ በእጁ ውስጥ ነበር። «አባዬስ?»

«አይቼዋለሁ» አለ።

«ሱሪዬም ይታያል?»

እናትየው ስለ ምን ሱሪ እንደምትጠይቅ አልገባትም። ባሏን ስታየው ግን ገባት፤ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሸሸ። ያን ቀን ማታ ሱሪዋ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ዲጄ ውኃ ፈሶባት ነው ብሏት ነበር። ውኃ አልነበረም።

«ሱሪሽ ምን ሆነ?» አለ አባትየው።

«ታውቃለህ» አለች ድንቡሼ። «ይታያል?»

አውቶቡሱ መጣ። የሚነዳው ሹፌር ጓደኛው ነበር፤ ለሰላምታ ጡሩምባ ነፋለት። አልመለሰለትም።

«ይታያል» አለ።

ድንቡሼ ማስኳን እስከ ዓይኗ ሥር ሳበችው። እጇን ከአባቷ መዳፍ አወጣች፤ በእናቷ ኋላ ዞራ በሌላኛው ጎኗ ቆመች፣ እናቷ በእሷና በእሱ መካከል እንድትሆን። እናትየው ልጇን ታቅፋ ወደ አውቶቡሱ ወጣች። ወደ ኋላ አላየችም። አባትየው በሩ ሥር፣ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ ጓደኛው «ግባ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» እያለው ቆሞ ቀረ።